አህያ በአጥሩ ቀዳዳ የወጣ ዕለት

አንድ ጊዜ በወንዝ ዳር የሚኖሩ እንስሳት እህላቸውን ከታችኛው ጎተራ ወደ ኮረብታው አናት ሊያወጡ ተስማሙ። ክረምቱ እየገባ ነበር። ወንዙ ከሞላ ጎተራውን ጠራርጎ ይወስደዋል፤ እህሉ ከሄደ ደግሞ ጥጃውም ውርንጭላውም ጦሙን ማደሩ ነው። የሥራው አለቃ አያ አንበሶ ነበር።

አያ አንበሶ ልቡ ደግ ነው፤ አሠራሩ ግን ጉድ ነበር። ጠዋት ጠዋት ሁሉንም ሰብስቦ ማን አለ፣ ማን የለም እያለ ሲቆጥር ፀሐይዋ አናት ላይ ትወጣለች። ከቆጠራው በኋላ የመጣ እንግዳማ፣ የቱንም ያህል ጉልበት ቢኖረው፣ እስከ ማግስቱ ድረስ በጎተራው አጥር በር ላይ ቁጭ ብሎ ማዛጋት ነው። አንዲት ብርቱ በቅሎ እንዲህ ስትጠብቅ ሰለቻትና ወደ መጣችበት ተመለሰች። ይህን ያየች እመት ቀበሮ አንጀቷ አረረ። እሷ ሸክም አትችልም፤ አፍንጫዋ ግን አይስትም። ስለዚህ ወደ አንበሳ ሄደች።

«አያ አንበሶ፣ ሥራው አይቁም። እኔ በሩ ላይ ልቀመጥ። የገባው ማን እንደሆነና ምን እንደሚችል አጣርቼ ወዲያው እነግርዎታለሁ። የሚወጣውም ለእኔ ተናግሮ ይውጣ፤ እርስዎም የሌለውን እየጠሩ አይድከሙ።»

አንበሳ ጢሙን እያሻሸ አሰበ። «ይሁን» አላት። «ነገር ግን ባንቺ ስህተት እህል ከራሰ፣ ልጆችሽን ይዘሽ ከዚህ አገር ትወጫለሽ።»

ቀበሮም በሩ ላይ ተቀመጠች። የመጣውን ሁሉ ኮቴውን ታሸታለች፤ ከዚያ ማን እንደሆነ፣ ምን እንደሚሠራ፣ ምን እንደሚበላ ትጠይቃለች። ያንኑ ለአንበሳ ሹክ ትለዋለች፤ ለመጤውም ሥራውንና ማደሪያውን ታሳየዋለች። አህያ ብቻ ይህ ጥያቄ አይጥመውም ነበር፤ ነገረኛ ናት እያለ ያማት ነበር።

አንድ ቀን ከሩቅ ቆላ ግመል መጣ። ቀበሮ አሸተተችው፣ ጠየቀችው፣ አስገባችው። ታዲያ ማን ይጫነው! ጀርባው እንደ ጣሪያ ከፍ ብሏል፤ አንበሳ ዝቅ በል ቢለው እሱ ቆሞ ያመነዥጋል። ቋንቋቸው አልተገናኘም። ቀበሮ አልተደናገጠችም። ሳቢሳ የምትባለው ነጭ ወፍ ቆላ እንዳደገች ታውቅ ነበርና አስጠራቻት። ሳቢሳ በግመሉ ጆሮ አንድ ቃል ብትለው እጥፍ ብሎ ተንበረከከ። ከዚያ ወዲያ አንበሳ ለሳቢሳ ይነግራል፣ ሳቢሳ ለግመል ትነግራለች፤ እህሉም ሽቅብ ይጓዛል።

በማግስቱ ደግሞ ማን ቢመጣ ጥሩ ነው? አያ ጅቦ፣ አንገቱ ላይ ቃጭል አንጠልጥሎ። አህያ ነኝ አለ፣ ኮስተር ብሎ።

ቀበሮ ኮቴውን ብታሸተው ኮቴ የለውም፤ ጥፍር ነው። ሳቋን ዋጥ አድርጋ ምን እንደሚበላ ጠየቀችው።

«ጠዋት ጭድ» አለ ጅቡ። ትንሽ አሰበና ምራቁን ዋጠ። «ማታ ማታ ግን ያው የተገኘውን፣ ሰባ ሰባ ያለውን። አህዮቹ የሚያድሩት በየት በኩል ነው?»

ቀበሮ በሩን ዘጋችበት። ጅብ እያጉረመረመ አጥሩን ዞረ።

በአጥሩ ጀርባ አንድ ቀዳዳ ነበር። እዚያው አጠገብ ደግሞ አህያ አኩርፎ ቆሟል፤ ግመል ከመጣ ወዲህ እሱን የሚያመሰግነው ጠፍቶ ነበር። ጅቡ ከውጭ ሆኖ፣ ከገደሉ ሥር ያለውን ለምለም ሣር በለሰለሰ ድምፅ አወራለት። አህያም ለአንዲት ጉርሻ ሣር ብሎ ከቀበሮ ጋር መጨቃጨቅ አስጠላው። ቶሎ እመለሳለሁ ብሎ በቀዳዳው ሾልኮ ወጣ።

ብዙም ሳይቆይ ሰማዩ ጠቆረ። ጎተራው ውስጥ የቀረው ጥቂት ስልቻ ነበር። አንበሳ አህያን ጠራ፤ ዝም። ደግሞ ጠራ፤ አሁንም ዝም። ወደ ቀበሮ ዞሮ «አህያ አለ ብለሽኝ አልነበር?» አላት። ጠብታ መውደቅ ጀምሯል። ቀበሮ ልጆቿ ትዝ አሏት። ለካ እሷ በሩን እንጂ ቀዳዳውን አልጠበቀችም ነበር።

ይሁን እንጂ አልቀባጠረችም፤ አልዋሸችም። «በእኔ በር አልወጣም፤ ቀዳዳውን አለመድፈኔ ግን ጥፋቴ ነው» አለች። «ሲጠሩት ካልመለሰ እዚህ የለም ማለት ነው። የሱን ድርሻ ለግመል ይስጡ። ሳቢሳ ይህን ለግመል ትንገረውና በርራ አህያን ትፈልገው።»

ግመል ስልቻዎቹን ተጭኖ ከአንበሳ ጋር ዝናቡን ቀድሞ ወጣ። ሳቢሳ ከላይ ሆና ብትመለከት፣ አህያ ከገደሉ ሥር አንገቱን ደፍቶ ሣር ይግጣል፤ ጅብ ከኋላው ቃጭሉን በጥርሱ ይዞ፣ እንዳያቃጭል እየተጠነቀቀ ይሳባል። በርራ ለአንበሳ ነገረችው። አንበሳ ከኮረብታው ላይ አንዴ ቢያገሳ ጅብ ደንግጦ ቃጭሉን ለቀቀው፤ እየተንቃጨለም ቁልቁል ፈረጠጠ።

አህያ ዝናቡ እየወረደበት እየተንቀጠቀጠ ተመለሰ። በቀዳዳው ሊገባ ቢል ቀበሮ በእሾህ ደፍናዋለች። ወደ በሩ መጣ። ቀበሮ አልተቆጣችም። ጎንበስ ብላ ኮቴውን አሸተተች።

«ማን ነህ?»

«እመት ቀበሮ፣ ታውቂኝ የለ?»

«ቅድም አውቅህ ነበር። ሳትነግረኝ ወጣህና የጅብ ጥርስ ውስጥ ልትገባ ስትል፣ እኔ እዚህ ተቀምጬ አህያ አለ ስል ነበር። ማን ነህ?»

አህያ ጆሮውን ጣለ። «አህያ ነኝ» አለ ቀስ ብሎ። «እሸከማለሁ። ሣር እበላለሁ። ስወጣም እናገራለሁ።»

ቀበሮ በሩን ከፈተችለትና ወደ ኮረብታው ቀና ብላ አህያ ገብቷል አለች።

ከዚህ የምንማረው፣ ከሌሎች ጋር የሚሠራ ሰው መምጣቱን ብቻ ሳይሆን መሄዱንም ካልተናገረ ሸክሙ በባልንጀራው ላይ፣ አደጋው በራሱ ላይ እንደሚወድቅ ነው።