ዘለቀች ዝሆንና አስታዋሹ ሞባይል

እስቲ ጆሯችሁን ስጡኝ። እንስሳ ይናገር፣ ዕቃ ይመልስ በነበረበት ዘመን፣ ሩቅ እንዳይመስላችሁ፣ ሞባይል ከመጣ ወዲህ ነው፣ በአንድ ቆላ ዘለቀች የምትባል ዝሆን ትኖር ነበር። ዘለቀች የመንጋው መሪ ናት። ማን ማንን እንደወለደ፣ ዝናቡ መቼ እንደሚመጣ፣ በድርቅ ጊዜ ውሃ የት እንደሚገኝ፣ ሁሉንም በጭንቅላቷ ይዛ ትዞራለች።

አንድ ቀን መንገደኛ የጣለው ሞባይል ሣር ውስጥ አገኘች። የፀሐይ ብርሃን እየጠጣ የሚኖር ሞባይል ነበር።

«እሜቴ፣» አላት፣ «ይህን ሁሉ ነገር ተሸክመው እንዴት ይችሉታል? ለእኔ ይንገሩኝና እርስዎ ይረፉ።»

ዘለቀች ደስ አላት። በመጀመሪያው ቀን የልጆቹን ስም ነገረችው። በሁለተኛው ቀን የዝናቡን ወራት ነገረችው። በሦስተኛው ቀን የምንጩን መንገድ ነገረችው። ከዚያ ወዲያ በኩምቢዋ ይዛ ጆሮዋ ላይ እንደለጠፈችው ትውላለች።

ታላቅ እህቷ ማንጠግቦሽ ዓይኗ ማየት ካቆመ ቆይቷል። ቀርባ ዳሰሰቻት።

«አንቺ ዘለቀች፣ ጆሮሽ እኮ ግሏል! ይህ ነገር ጨረር አለው ይባላል። አንጎልሽን እንዳይነካብሽ።»

ሞባይሉ ቆጣ አለ። «ጨረሬ ያስረሳል ብሎ ያረጋገጠ አለ?»

«አያስረሳም ብሎ የማለልህስ አለ?»

«ገና እየተመረመረ ነው!»

«እንግዲያው ተመርምሮ እስኪያልቅ ከእህቴ ጆሮ ውረድ።»

ዘለቀች ሳቀች። «እትዬ፣ አንቺ ደግሞ አዲስ ነገር ሁሉ ያስፈራሻል።»

ሳምንት ሳይሞላ የአክስቷን ልጅ «ማን ነበርሽ?» አለቻት። ወር ሳይሞላ «ዛሬ ይዘንባል» ብላ መንጋውን በጠራራ ፀሐይ አቁማ ዋለች። መሪ ናትና ማንም ምንም አላላት።

ከዚያ ድርቁ መጣ። ወንዙ ደረቀ። መንጋው ውሃ ፍለጋ ተነሣ፤ ዘለቀች ከፊት፣ ሞባይሉ ጆሮዋ ላይ። አንድ ቀን ሄዱ። ሁለት ቀን ሄዱ። በሦስተኛው ቀን ሜዳው መሐል ሞባይሉ መንገድ መምራቱን አቆመ።

«በየት በኩል ነው?» አለችው።

«ኔትወርክ የለም።»

«ታዲያ እኔ የነገርኩህስ?»

«ደመና ላይ ነው ያስቀመጥኩት፣ እሜቴ፤ ያለ ኔትወርክ አይወርድልኝም።»

ዘለቀች ቀና ብላ ሰማዩን አየች። መዳፍ የምታህል ደመና እንኳ የለችም።

ይህን ጊዜ የገዛ ልጇ በውሃ ጥም ዝላ ወደቀች። ዘለቀች ሮጣ ደረሰች፤ ልትጠራት አፏን ከፈተች፤ ስሟ አልመጣላትም። ልጅቷ ዓይኗን ገልጣ ትጠብቃለች።

«አንቺ...» አለች ዘለቀች። «አንቺ... ልጄ...» እንባዋ ወረደ።

«ካፊያ ናት፣» አለች ማንጠግቦሽ ከኋላ። «ካፊያ ሲጥል ነው የወለድሻት።» ከዚያም ኩምቢዋን ወደ ነፋሱ አነሣች። «ምንጩ ቀዩን ገደል በግራ ትተን ስንሄድ፣ ከግራሮቹ ወዲያ ነው። ልጅሽን ደግፈሽ አንሺያትና ተከተሉኝ።»

ዓይነ ስውሯ ከፊት፣ መሪዋ ከኋላ ሆነው ሄዱ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ውሃው ዘንድ ደረሱ። ካፊያም ጠጥታ በእግሯ ቆመች።

ዘለቀች ሞባይሉን ድንጋይ ላይ ትታው ወደ እህቷ መጣች። አንገቷን ደፍታለች።

«እትዬ፣ ጨረሩ ነው እንዲህ ያደረገኝ ወይስ ስንፍናዬ?»

«እኔ ምን አውቄ! አንቺ ብቻ ነይ፣ አጠገቤ ቁሚና የልጆቹን ስም አንድ በአንድ ጥሪልኝ።»

ዘለቀች ጠራች። አምስቱን ሳተች። ማንጠግቦሽ እንደገና አስጀመረቻት።

ጨረሩ አንጎልን ምን እንደሚያደርግ አዋቂዎቹ እስካሁን ይከራከራሉ። ሥራ የፈታ አንጎል ምን እንደሚሆን ግን ዘለቀችን ጠይቋት፤ ካስታወሰች ትነግራችኋለች።