የያሲን ባለመብራት ሰሌዳ

መጨረሻ ላይ የምትሰሙት ተረት ራሱ የቆየ ነው፤ ድሮ ማን እንደጀመረው የሚያውቅ ካለ ይናገር። ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ግን የራሱ መነሻ አለው። እዚያ አንድ ሰው የጎረቤቱን አዲስ ዕቃ አይቶ ምራቁን ሲውጥ ከተገኘ «የያሲንን ሰሌዳ እንዳታስታውሰኝ» ይሉታል። ያወቀ ይስቃል። ያላወቀ ደግሞ ይህን ይስማ።

ያሲንን ድምፅ መቅዳት ያስተማረው የለም። ከልብስ ሰፊ ሱቅ ጀርባ ጠባብ ክፍል ተከራይቶ፣ ግድግዳዋን በእንቁላል ካርቶን ሸፍኖ፣ እየነካካና እያበላሸ ነው የለመደው። የሚሠራበት ፕሮግራም ግራጫ ነው፤ ዓይን የሚስብ አንድም ነገር የለውም። ቀዩን ሲጫኑት ይቀዳል፣ ሲደግሙት ያቆማል፣ የተበላሸው ይቆረጣል፣ አለቀ። ከጎኑ አራት ማይክ የሚሰካበት፣ ቀለሙ የተላላጠ ሚክሰር ነበረው። ደንበኞቹ ደግሞ ሰርገኞች ናቸው። ሰብሰብ ብለው ይገባሉ፣ አንዷ ታወጣለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ፣ ከበሮው ይመታል፣ ይጨበጨባል፤ ሁሉም አብሮ፣ ባንድ ጊዜ። ለዚህ ሥራ ግራጫው እግር እንደለመደ ጫማ ነበር። ያሲን ግን ሰው ሲመጣ ስክሪኑን ያዞረዋል፤ ያፍርበታል።

በዚህ መሐል የልጅነት ጓደኛው ኪሩቤል ከአዲስ አበባ ለእረፍት መጣ። እዚያ ስቱዲዮ ነው የሚሠራው። ላፕቶፑን ሲከፍት ስክሪኑ በቀለም አበደ። ከፊቱ አራት ማዕዘን ሰሌዳ ዘረጋ፤ እያንዳንዱ ቁልፍ በየቀለሙ ይበራል። ጣቱን እዚህ ጣል ሲያደርግ ከበሮ፣ እዚያ ጣል ሲያደርግ ማሲንቆ። የቀረበለት ሻይ ሳይበርድ ዘፈን ወጣ።

«አንተ እስካሁን በዚህ ነው የምትሠራው?» አለ ወደ ግራጫው እያየ። «ይሄ እኮ የቀበሌ ስብሰባ መቅጃ ነው!»

ያሲን መሬት ብትውጠው ደስ ባለው።

«እኔ አዲስ አበባ ሌላ ሰሌዳ አለኝ። ሚክሰርህን ከነማይኮቹ ስጠኝና ይሄን ውሰድ፤ ፕሮግራሙን እጭንልሃለሁ። አንድ ማይክ ብቻ ላንተ ይቅር፣ ይበቃሃል።»

«ኮምፒውተሬ ሁለቱን ፕሮግራም ይችላል?»

«አይችልም። አሮጌውን ግን ምን ያደርግልሃል?»

ጥያቄው ጥሩ ነበር፤ ሊመልሰው የሞከረ ጠፋ እንጂ። ያሲን ግራጫውን በገዛ እጁ አጠፋው። ኪሩቤልም ሚክሰሩን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልሎ መንገዱን ቀጠለ።

በሳምንቱ ቅዳሜ ሰርጓ የተቃረበው ራህመት አክስቷን እትዬ ዘምዘምን ከነተቀባዮቻቸው ይዛ መጣች። እትዬ ዘምዘም የሰፈሩን ሙሽራ ሁሉ ዘፍነው የዳሩ፣ ከበሮ መቺም አውጪም ናቸው። አንገታቸው ላይ ያለው እንቅርት አድጎ ሰኞ በኦፕራሲዮን ሊወጣ ተቀጥሯል። ሐኪሙም ድምፅዎ እንደነበረ ላይመለስ ይችላል ብሎ ሳይደብቅ ነግሯቸዋል። የራህመት ሰርግ ከዚያ በኋላ ነው። ድምፃቸው ዛሬ ካልተቀዳ፣ የገዛ ወንድማቸው ልጅ ያለ እሳቸው ዘፈን ከቤት ልትወጣ ነው። ያሲን ይህን ሁሉ ያውቃል።

«ለየብቻ ነው የምንቀዳው» አለ፣ የኪሩቤልን አነጋገር ይዞ። «መጀመሪያ ከበሮ፣ ከዚያ የእትዬ ድምፅ። ጭብጨባውን ከሰሌዳው አመጣዋለሁ።»

«ምነው?» አለች ከተቀባዮቹ አንዷ። «እኛ እጃችንን ቤት ጥለን መጣን?»

እትዬ ዘምዘም በሻሻቸው ላይ የጆሮ ማዳመጫ ተደረገላቸው። ትንሽ አዳመጡና ወደ በሩ ዞሩ።

«ያ ረቢ! ሰው ቆሞ ያንኳኳል እኮ፤ ክፈቱለት እንጂ!»

«በር አይደለም እትዬ፣ ምት የሚጠብቅልዎ ነው። እሱን ይከተሉት።»

«እኔ ሙሽራ ተከትዬ አውቃለሁ፤ ሚስማር መቺ ተከትዬ አላውቅም።»

ቢሆንም ሞከሩ። የሰርግ ዘፈን ቀስ ብሎ ይነሳል፤ ተቀባይ ሲሞቅ አውጪዋ ታፈጥናለች፣ ከበሮውም ይከተላል። የያሲን ሚስማር መቺ ግን ሙቀት የሚባል አያውቅም። እትዬ ዘምዘም ሲፈጥኑ እሱ ወደኋላ ይቀራል፤ ሲጠብቁት ደግሞ ዘፈኑ ይሞታል። ከተቀባዮቻቸው ተለይተው ሲያወጡም የሚመልስላቸው የለም። ያሲን ሊያስተካክል ሰሌዳውን ሲነካ ሳይጠራ የመጣ ጥሩምባ ክፍሉን ሞላው። ሴቶቹ ሳቁ። እንደገና። አሁንም እንደገና። የእትዬ ዘምዘም ድምፅ መሻከር ሲጀምር ግን ሳቁ ቆመ።

«ያሲን፣ ያ ግራጫው የት ሄደ?» አለች ራህመት።

«እሱማ አርጅቷል።»

«ያረጀው ነው የእህቴን ሰርግ የቀዳው። አንተ የአክስቴን ድምፅ በሙከራ ልትጨርሰው ነው?»

ያሲን መሳቢያውን ጎትቶ አወጣ። መሳቢያውን ገልብጦ፣ ከተበጣጠሱ ገመዶች ሥር የግራጫውን ፕሮግራም ያስቀመጠባትን ፍላሽ አገኛት። አዲሱን አጥፍቶ አሮጌውን መለሰ። የቀረችውን አንድ ማይክ ከልብስ ሰፊው ሲባጎ ተውሶ ከጣራው መሐል አንጠለጠላት። እትዬ ዘምዘምን ከሥሯ አቆመ፣ ተቀባዮቹ ከበብ እንዲሏቸው አደረገ፤ ከበሮው ድምፃቸውን እንዳይውጠው እትዬ ወደ ጎን ዘወር እንዲያደርጉት ለመናቸው። እትዬ ዘምዘም ለብ ያለ ውሃ ጠጡ። ቀዩን ተጫነው።

አወጡ፤ ተቀበሏቸው። ዘፈኑ ከቆመበት ተነስቶ ሞቀ፣ ፈጠነ፣ ክፍሉን አናወጠ፣ በእልልታ አለቀ። መሐሉ ላይ የባጃጅ ጥሩምባ ገብቷል፤ ይደገም ያለ ሰው አልነበረም። ያሲን መልሶ ሲያሰማቸው ራህመት ፊቷን ወደ ካርቶኑ ግድግዳ አዞረች።

ሴቶቹ ሻሻቸውን ሲያስተካክሉ ያሲን አሁንም ሰሌዳውን እያገላበጠ ነበር።

«እኔን የማይገባኝ» አለ «ኪሩቤል ሲነካው እኮ ዓይኔ እያየ ነው የዘፈነለት! ሰሌዳው ያው፣ ፕሮግራሙም ያው!»

እትዬ ዘምዘም ከበሯቸውን ከትከሻቸው አወረዱና ጭኑ ላይ አስቀመጡለት።

«በል እስቲ ምታ።»

መታው። እንደ ባዶ ጀሪካን ጮኸ። ተቀባዮቹ በሳቅ ተያያዙ፤ ራህመት ሳትቀር እንባዋን እየጠረገች ሳቀች። እትዬ ዘምዘም አልሳቁም፤ ከበሯቸውን ተቀብለው ማንገቻውን ትከሻቸው ላይ መልሰው እያስተካከሉ «አብሽር የኔ ልጅ» አሉት፤ «ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር።»