የአንድ ገደል ዝንጀሮዎች

ተረቴ መጣች፤ ጆሮ ያለው ይቀበላት።

በአንድ ገደል የሚኖሩ ዝንጀሮዎች "መሪያችን ማን ይሁን?" በሚል ተጣልተው ለሁለት ተከፈሉ። ከገደሉ በላይ ባለው ሜዳ ሲጋደሉ ዋሉ። የተረፉት ጥቂቶች ቋጥኝ ላይ ወጥተው "አሸነፍን!" እያሉ ፎከሩ።

ጠግቦ የማያውቀው ጥንብ አንሣ ከሰማይ ወረደ። አንዲት አሮጊት ዝንጀሮ የሞቱትን እየገለበጠች ፊታቸውን ታያለች፤ ዓይናቸውን ትከድናለች።

"እሜቴ፣ ልጆችዎ ከየትኛው ወገን ናቸው? እነሱን ትቼ የሌላውን ልብላ" አላት።

"ይኼን ያጠባሁት እኔ ነኝ። እሱን የገደለው ደግሞ የልጄ ልጅ ነው፤ ያውልህ፣ አጠገቡ ወድቋል። የሌላ የምትለው የቱን ነው ልጄ?"

ጥንብ አንሣው ቀና ብሎ ሜዳውን አየ። ከገደሉ አፋፍ እስከ ማዶው ተራራ ግርጌ ከሬሳው ብዛት ሣር የሚታይበት ቦታ አልነበረም። ክንፉን አጥፎ ቁጭ አለ።

ችኩሉ ጅብ እየሮጠ ደረሰ። "ምነው አያ አሞራ፣ ጠገብክ እንዴ?"

"እርቦኛል። ግን እሷ ተሰናብታ ሳትጨርስ ማን ደፍሮ ይቀድማታል?"

ጅቡም ሜዳውን አየና አጠገቡ ተቀመጠ። ፀሐይ ስትጠልቅ አሮጊቷ ገና ከሜዳው ጫፍ አልራቀችም ነበር።

ተረቴን እዚህ አኖርኳት፤ እናንተንም ቸር ያሰማችሁ።