ዝም ያለው ቤትና ጆሮው የሰፋው ማይክ

አንድ ሰው ነበረ። ሆሳዕና ከተማ ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ፣ ጓሮው በእንሰት የተሞላ ቤት ውስጥ ይኖራል። ስሙን ዴታሞ እንበለው።

ዴታሞ የግብርና ባለሙያ ነው። ዕድሜውን የፈጀው በእንሰት ላይ ነው። የአንድ ገበሬ እንሰት ሲጠወልግ፣ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ሲወድቅ፣ የሚደወለው ለእሱ ነው። ስልኩ አያርፍም። አንዱ ሲዘጋ ሌላው ይደውላል፤ ጥያቄው ደግሞ ያው ነው። "ምን ላድርግ? ከየት መጣብኝ? ለጎረቤቴም ይተላለፋል ወይ?" እሱም ያንኑ መልስ ሲደጋግም ይውላል።

አንድ ቀን ባልደረባው፣ "ለምን ቀድተህ በቴሌግራም አትለቀውም? ፖድካስት ይሉታል። አንዴ ትናገራለህ፣ ሰው በተመቸው ሰዓት ይሰማዋል" አለው።

ነገሩ ጣመው። ቤቱ ሄዶ በስልኩ ሞከረ። መልሶ ሲሰማው እንስራ ውስጥ ገብቶ የሚናገር ሰው መሰለ። ባልደረባው ሰምቶ ሳቀና፣ "ለዚህማ ዩኤስቢ ማይክ ግዛ። ላፕቶፕህ ላይ መሰካት ብቻ ነው፣ ሌላ ጣጣ የለውም" አለው።

ልብ በሉልኝ፤ ይህ ሰው የተነሳው ለበጎ ነው። ሰው ሊረዳ ነው። ክፉ ሰው አይደለም። ይህን ያዙልኝ፤ ኋላ እንዳትፈርዱበት።

ሙኒራ የምትባል ወጣት ኤሌክትሮኒክስ ትሸጣለች፤ እሷ ሱቅ ገባ። ሁለት ማይክ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አቆመችለት።

"ይኸኛው ኮንደንሰር ነው" አለች። "ጆሮው ሰፊ ነው። ድምፅዎን ጥርት አድርጎ ይይዛል፤ ግን ከበር ወዲያ ያለውንም ይሰማል። ያኛው ዳይናሚክ ነው። እሱ አፍዎ አጠገብ ያለውን እንጂ የራቀውን ብዙም አይሰማም። ሁካታ ላለበት ቤት ያኛው ይሻላል። የእርስዎ ቤት እንዴት ነው ጋሼ? ጸጥ ያለ ነው?"

ዴታሞ ለማሰብ እንኳ ጊዜ አልወሰደም።

"ከእኔ ቤት የበለጠ ጸጥ ያለ ቤት የለም። እኔና ልጄ ብቻ ነን። እሷም አትናገርም።"

ሙኒራ አንድ ጊዜ ፊቱን አየችና ጆሮ ሰፊውን ሰጠችው።

እውነቱን ነው፤ ቤቱ ዝም ብሏል። ሚስቱ ታደለች ካረፈች ወዲህ ነው ዝም ያለው። ልጁ ፌቨን ድሮ ከትምህርት ቤት ስትመጣ ወሬዋ ከእሷ ቀድሞ በር ይገባ ነበር። አሁን "ደህና ዋልሽ?" ሲላት "ደህና" ትላለች፤ "እራት በላሽ?" ሲላት "አዎ" ትላለች፤ አለቀ። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። የዚህ ዕድሜ ልጆች እንዲህ ናቸው እያለ ራሱን ያጽናናል።

ሐዋሳ የምትኖር ታላቅ እህቱ ዘነበች ግን አልተጽናናችም። መጥታ አይታ በሄደች ጊዜ ስልክ ደወለችለት።

"ዴታሞ፣ ልጅቷ እየጠወለገች ነው። የሰው እንሰት ሲጠወልግ ከሩቅ ታውቃለህ፤ ይህችን ግን እቤትህ ተቀምጣ አላየሃትም። ትምህርት ሲዘጋ እኔ ጋ መጥታ ትኑር። ልጆቼ ጋር ትጫወት፣ ሰው ትሁን።"

ዴታሞ ተስማማ። ምናልባት ይሻላታል አለ። ለፌቨን ሲነግራት "እሺ አባዬ" አለችው። ሌላ ቃል አልጨመረችም። እሱም "ምን ተሰማሽ?" ብሎ አልጠየቃትም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ማይኩን ሰካ፣ በሩን ዘጋ፣ ጉሮሮውን ጠረገ። "አርሶ አደር ወገኖቼ፣ የታመመ እንሰት የቆረጣችሁበትን ቢላዋ በእሳት ሳታሳልፉ ጤነኛውን አትንኩ" እያለ ጀመረ። መሃል ላይ ወረቀቱን ለማየት ዝም ይላል፣ ውሃ ለመጠጣት ይወጣል፣ ተመልሶ ይቀጥላል።

ሲጨርስ አዳመጠው። የራሱ ድምፅ ግሩም ነው። ግን ከጀርባው የሆነ ነገር አለ። ቀጭን፣ ከፍ ዝቅ የሚል ነገር። በላፕቶፑ ድምፅ ማውጫ ሲሰማ ንፋስ ይሁን የጎረቤት ሬዲዮ አይለይም። እንደገና ቀዳ። አሁንም አለ። ተናደደ። ማይኩ የፋብሪካ ችግር አለበት ብሎ ደመደመ።

ሰኞ ላፕቶፑንም ማይኩንም ይዞ ሙኒራ ጋ ሄደ።

"ይህ ነገር ተበላሽቷል። ከኋላ የሚጮህ ነገር አለው። በያኛው ቀይሪልኝ።"

"እስቲ ልስማው" አለችና ማዳመጫ ሰክታ ጆሮዋ ላይ አደረገች። ዓይኗን ወደ ጣሪያው ሰቅላ አዳመጠች። ቆየች።

"ጋሼ፣ ይህች የምትዘምረው ማን ናት?"

"የሚዘምር ሰው የለም።"

"አለች እንጂ። ሴት ልጅ ናት።" ማዳመጫውን አውልቃ እሱ ጆሮ ላይ አደረገችለት። "እርስዎ ዝም የሚሉበት ቦታ ላይ ያዳምጡ።"

ዴታሞ አዳመጠ። መጀመሪያ የራሱን ድምፅ ሰማ፤ ቢላዋ፣ እሳት፣ ጤነኛ እንሰት። ከዚያ ዝም አለ። በዚያች ዝምታ ውስጥ፣ ከግድግዳው ወዲያ፣ አንድ መዝሙር መጣ። በሀዲይኛ ነው። ታደለች ጓሮ ስትኮተኩት የምትዘምረው ነው። ለአንድ አፍታ ታደለች መሰለችው፤ የሱቁን ጠረጴዛ ያዘ። ኋላ ለየው። ፌቨን ናት።

ያች አትናገርም ያላት ልጅ ናት።

ማዳመጫውን አላወለቀም። ቀጥሎ ወንበር ሲንሿጠጥ ሰማ። የራሱን እርምጃ ሰማ። በር ሲከፈት ሰማ። በሩ ሲከፈት መዝሙሩ ቆመ። ቃሉ ተጋምሶ ቆመ። ከሩቅ የራሱ ድምፅ "ውሃ አለ?" ይላል። የእሷ ድምፅ "አለ አባዬ" ይላል። ከዚያ ምንም። ከዚያ እርምጃ፣ በር፣ ወንበር። ጥቂት ቆይቶ፣ ቀስ ብሎ፣ መዝሙሩ ካቆመበት ቃል ላይ ተነሳ።

ወገኖቼ፣ ይህ አባት እስከዚያች ሰዓት ድረስ ልጁን የሚያውቃት እሱ ባለበት ብቻ ነበር። እሱ ባለበት ደግሞ ዝም ትላለች። ስለዚህ ዝምተኛ ናት አለ። እናንተስ ቢሆን ምን ትላላችሁ?

"ልቀይርልዎት?" አለች ሙኒራ ዝግ ብላ።

"ቆይ ልጄ። መጀመሪያ ቤት ደርሼ ልምጣ።"

ቤት ሲደርስ ፌቨን ማድቤት ተቀምጣ ጎመን ትቀነጥሳለች። በርጩማ ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ። ግራ ተጋባች፤ ማድቤት ገብቶ ተቀምጦ አያውቅም።

"ፌቨን።"

"አቤት አባዬ።"

"ቅዳሜ ስትዘምሪ ሰማሁሽ።"

እጇ ቆመ። ቀና አላለችም። "ይቅርታ አባዬ። የሚሰማህ አልመሰለኝም ነበር።"

ይቅርታ አለች። አባቷ ቤት ውስጥ ስለዘመረች ይቅርታ ጠየቀች። ምን ሰርቃ ነው? ማንን ሰድባ ነው?

"ለምንድን ነው ይቅርታ የምትዪኝ?"

"አንተ ነሃ ያልከኝ።"

"እኔ? ምን አልኩሽ?"

"እማዬ በተቀበረች ሰሞን። ለቀስተኛው ሲሄድ እዚሁ ሆኜ ዘመርኩት። በሩን ከፍተህ መጣህና፣ 'ሁለተኛ ይህን መዝሙር እዚህ ቤት እንዳልሰማ' አልከኝ።"

ዴታሞ ፈለገ፣ ፈለገ፤ ትዝ አላለውም። በእሷ ልብ ውስጥ ይህን ሁሉ ጊዜ የኖረች ቃል፣ እሱ ልብ ውስጥ አንድ ቀን አላደረችም። ግን ልጁ እንደማትዋሽ ያውቃል።

"ብዬሻለሁ ማለት ነው" አለ። "አላስታውሰውም፤ ግን ብዬሻለሁ። ድምፅሽ የእናትሽን ይመስላል ፌቨን። ያን ጊዜ መቻል አቃተኝ። ከራሴ እንባ ስሸሽ አንቺን ረግጬሽ ሄድኩ። ይቅር በይኝ።"

ልጅቷ ጎመኑን እያገላበጠች፣ "እኔ እኮ እማዬን እንድንረሳት የፈለግክ መስሎኝ ነው" አለች። ከዚያ አለቀሰች። እሱም አለቀሰ። ሲበቃቸው ከፊቷ ጎመን አንሥቶ አብሯት ይቀነጥስ ጀመር፤ አያውቅበትም፣ ግንዱንም ቅጠሉንም አንድ ላይ ይጥለዋል፤ እሷ እየለቀመች ታስተካክላለች።

"ዘምሪልኝ" አላላትም። ይህን ወደድኩለት። እኛ ብንሆን ወዲያው "በይ እስቲ ዘምሪ" እንላለን። የታሰረ ሰው ሲፈታ እግሩ ደንዝዞ ይቆያል፤ ወዲያው ሩጥ አይባልም።

ያን ቀን አልዘመረችም። በማግስቱም አልዘመረችም። እሱ ግን ሥራ ሲሠራ በሩን ክፍት መተው ጀመረ። ማታ ማታ ስለ ታደለች ያወራሉ፤ ሳቋን፣ ቁጣዋን፣ ጨው የምታበዛውን ነገር።

አንድ ከሰዓት በኋላ ወረቀቱ ላይ አቀርቅሮ ሳለ ከማድቤት መዝሙሩ ተነሣ። ትንሽ ታግሶ ወጣ። አየችው። ድምፅዋ ተንቀጠቀጠ፣ ቀጠነ፣ ሊጠፋ ደረሰ። ግን አልቆመም። ዴታሞ እንደቆመ ውሃውን ቀድቶ ጠጣ። አዝማቹ ላይ ስትደርስ በዚያ በተሰነጠቀ ድምፁ ገባበት። ለመዝሙር የተፈጠረ ድምፅ አይደለም፤ ፌቨን መዝሙሩን አቋርጣ ሳቀች። አሁን ያቋረጣት ግን ፍርሃት አይደለም፣ ሳቅ ነው።

ትምህርት ሲዘጋ ዘነበች መጣች። ቦርሳ ለማሰር እንጂ ለመጠየቅ አልመጣችም ነበር። ፌቨን ግን፣ "አክስቴ፣ ለእረፍት እመጣለሁ፤ ከዚያ እመለሳለሁ። አባዬ ብቻውን ከሆነ ጎመኑን ያበላሸዋል" አለቻት።

ዘነበች ወንድሟን ወደ ጎን ሳበችው። "ምን አደረግክላት?"

"ምንም። ሰማኋት።"

ከዚህ በኋላ ነው ዴታሞ ሙኒራ ጋ የተመለሰው።

"በያኛው ማይክ ቀይሪልኝ። ቅርቡን ብቻ በሚሰማው።"

"ቤቴ ጸጥ ያለ ነው ብለውኝ አልነበር?"

"ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን፣ አሁን አይደለም።"

"አልሐምዱሊላህ" አለች ሙኒራ፣ ማይኩን እያወረደች።

ፖድካስቱም ተጀመረ። ገበሬዎች እየሰሙት ነው፤ ቢላዋቸውን በእሳት ማሳለፍ የጀመሩ አሉ። ስልኩ ግን አሁንም አላረፈም። ሰው ለሰው መናገር ይወዳላ።

እንግዲህ ወደ እናንተ ልምጣ።

ቤታችሁ ጸጥ ያለ ነው? እስቲ አስቡት። ጸጥ ያለ ነው ወይስ ዝም ያሰኛችሁት? እነዚህ ሁለቱ ከውጭ ሲያዩዋቸው ይመሳሰላሉ። ሁለቱም አይጮኹም። ግን አንደኛው ሰላም ነው፣ ሌላው ፍርሃት ነው።

አባቶች፣ የመኪናችሁ ድምፅ ደጅ ሲሰማ እቤት ውስጥ ምን ይቆማል? እናቶች፣ እናንተ ስትገቡ ሠራተኛችሁ የትኛውን ወሬ ትውጣለች? አለቃ የሆናችሁ፣ የቢሮውን በር ስትከፍቱ የትኛው ሳቅ ይቋረጣል? ከዚያ ደግሞ ዞረን፣ "የእኔ ልጅ አትናገርም፣ የእኔ ሠራተኞች ሐሳብ የላቸውም" እንላለን። ብላችኋል እኮ፤ እኔም ብያለሁ።

ዴታሞን ያስቸገረው ማይኩ መጥፎ ስለሆነ አልነበረም። ማይኩ ሥራውን ሠራ። እሱ ግን የራሱን ድምፅ ብቻ ሊሰማ ስለተቀመጠ፣ የገዛ ልጁ መዝሙር ረብሻ መሰለው። ሊያስወግደው ወደ ሱቅ ተሸክሞት ሄደ። እናንተስ ዛሬ "ይህን ረብሻ አንሣልኝ" ብላችሁ ወደ እግዚአብሔር የተሸከማችሁት ነገር ምንድን ነው? ደግማችሁ ሰምታችሁታል?

ከመካከላችሁ ደግሞ በር ሲከፈት የምታቆሙ አላችሁ። አውቃችኋለሁ። አንድ ሰው አንድ ቀን አንድ ቃል ተናግሯችሁ፣ ከዚያ ወዲህ ከግድግዳ ጀርባ ብቻ የምትዘምሩ። ለእናንተ የምነግራችሁ ይህን ነው፤ ያች ልጅ ካቆመችበት ቃል ላይ ነው የተነሣችው። መዝሙሩ አልጠፋባትም። የእናንተም አልጠፋም። የተናገራችሁም ሰው ምናልባት ከራሱ እንባ ይሸሽ ነበር። ሰው ባይሰማችሁ ደግሞ፣ ግድግዳ የማያግደው ጆሮ ያለው አንድ አለ፤ እሱን አንዲት ቃል አላመለጠችውም።

ሌሎቻችን ግን ዛሬ ቤት ስንደርስ አንድ ጥያቄ እንጠይቅ። "እኔ ስገባ የምታቆሙት ነገር አለ?" እንበል። መልሱ ያማል። ይመም፤ ቁጭ ብላችሁ ስሙት፣ አትከራከሩ። ወዲያው የሚዘምርላችሁ ሰው ላይኖር ይችላል። በሩን ክፍት ትታችሁ ጠብቁ።

አንድ ቀን ቤታችሁ ይረበሻል። ይረበሽ። የእግዚአብሔር ሰላም አንዳንድ ጊዜ ድምፅ አለው።