ይብራ ያጠናቸው ዓሦች

ተረት ተረት!
የዓሣ በረት!

በአንድ ባሕር ዳርቻ ምንቃሩ ሥር ከረጢት ያንጠለጠለ፣ ይብራ የሚባል ወፍ ነበር። አንድ ጠዋት ትንንሾቹን ዓሦች ሰብስቦ፣ «ልጆቼ፣ ዘራችሁ እንዳይጠፋ ላጠናችሁ ነው የመጣሁት። እየገባችሁ ተለኩ» አላቸው። ዓሦቹም ደስ ብሏቸው እየተጋፉ ከረጢቱ ውስጥ ገቡ።

ይህን ጊዜ ነገረኛዋ ሸርጣን ከድንጋይ ሥር ብቅ አለች።

«ጋሼ ይብራ፣ ትናንት ያጠኗቸውስ የት ደረሱ?»

«ጥናቱ ውስጥ ናቸው» አለ ይብራ በክንፉ ሆዱን እያሻሸ።

ከረጢቱ ውስጥ ያሉት ዓሦች ይህን ሲሰሙ መውጫ መፈለግ ጀመሩ።

«ታዲያ እኔስ? የኔ ዘር ይጥፋ?» አለች ሸርጣን።

ይብራ ሸርጣን ከበላ ቆይቶ ነበርና፣ «ግቢ፣ ግቢ እንጂ!» ብሎ ምንቃሩን ከፈተላት። እሷም በጎን በጎን እየሄደች ገባችና ምላሱን በጉጠቷ ጭምድድ አድርጋ ያዘችው። የይብራ አፍ ቧ ብሎ ተከፈተ። ዓሦቹ እየዘለሉ ወደ ባሕሩ ገቡ። «ልቀቂኝ» ለማለት ቢሞክርም የወጣው «እእእ» ብቻ ነበር።

«አፍዎን እንዳይዘጉ፣ ጋሼ» አለች ሸርጣን። «ገና እርስዎን እያጠናሁ ነው።»

ተረቴን መልሱ፣
የለካችሁትን ዓሣም መልሱ።