ለአንድ ባልዲ ውኃ

ከአገሩ የወጣ ብዙ ያያል። ውብርስት ያየችውን ልንገራችሁ።

ውብርስት የደብረ ማርቆስ ልጅ ናት፤ ነርስ ናት። ለበጎ ፈቃድ ሥራ ማላዊ ድረስ ሄደች። ሕሙም አክማለሁ ብላ ነበር። የገጠሩ ማዋለጃ ቤት ግን በጎ ፈቃደኛውን ሁሉ በየተራ ወለል ያስወለውላል፣ ልብስ ያሳጥባል፣ ውኃ ያስቀዳል። እሷም እያደር ለመደችው፤ የአገሩንም ቋንቋ እንደ ነገሩ መናገር ጀመረች።

አንድ ቀን ጧት ቺኮንዲ የምትባል ሴት በበኩር ምጥ ተይዛ መጣች። አዋላጇ እማማ ዚዮኔ እጃቸውን ሊታጠቡ እንስራውን ቢያዘነብሉት ጠብ የሚል ነገር የለም።

"ውብርስት ልጄ፣ የውኃው ተራ ያንቺ ነው። አንድ ባልዲ ብቻ አምጪልኝ" አሏት።

ባልዲዋን አንጠልጥላ ሮጠች። ጉድጓዱ ጋ ስትደርስ ክው አለች። ጉድጓዱ አለ፣ ገመዱ የለም። ውኃው ከታች ብልጭ ይላል፤ እስከዚያ የሚደርስ ሌላ ገመድ ደግሞ በመንደሩ አልነበረም።

"ገመዱን ኮንድዋኒ ወስዶታል" አለቻት አንዲት መንገደኛ።

ኮንድዋኒ ከብት አርቢ ነው። ውብርስት ስታገኘው መሬት ላይ ተቀምጦ፣ ሁለት ተረከዙን አፈር ውስጥ ቀብሮ፣ የገመዱን አንድ ጫፍ ወገቡ ላይ አስሮ ነበር። ሌላው ጫፍ የአንድ ግዙፍ ኮርማ ቀንድ ላይ ነው።

"ወንድሜ፣ ገመዱን ስጠኝ። ገመዱ ካልተፈታ ውኃው አይቀዳ፣ ውኃው ካልተቀዳ ቺኮንዲ አትገላገል።"

"እንዴት አድርጌ ልስጥሽ እህቴ? ኮርማው የበረቱን ምሰሶ ሰብሮታል። ከለቀቅሁት የሰፈሩን በቆሎ ይፈጀዋል። አናጢው ምሰሶ ይቁረጥልኝና ገመዱን ውሰጂ።"

ወደ አናጢው ወደ አባባ ፒሪ በረረች። ሽማግሌው የመጥረቢያ እጀታ ይዘው ቆመዋል፤ እጀታው ላይ መጥረቢያ የለም።

"አባባ፣ ምሰሶ ይቁረጡልኝ። ምሰሶው ካልተቆረጠ በረቱ አይዘጋ፣ በረቱ ካልተዘጋ ገመዱ አይፈታ፣ ገመዱ ካልተፈታ ውኃው አይቀዳ፣ ቺኮንዲም አትገላገል።"

"በምን ልቁረጠው ልጄ፣ በጥርሴ? መጥረቢያዬ ተሰንጥቆ አንጥረኛው ቤት ነው። እሱ ይበይድልኝና እቆርጥልሻለሁ።"

ባንዳ የሚባለው አንጥረኛ በቀዝቃዛ ምድጃ ፊት እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል። ፍሙ ጠፍቷል፤ መጥረቢያው አመድ ላይ ተጋድሟል።

"ጋሼ ባንዳ፣ መጥረቢያውን በይድልኝ። መጥረቢያው ካልተበየደ ምሰሶው አይቆረጥ፣ ምሰሶው ካልተቆረጠ በረቱ አይዘጋ፣ በረቱ ካልተዘጋ ገመዱ አይፈታ፣ ገመዱ ካልተፈታ ውኃው አይቀዳ፣ ቺኮንዲም አትገላገል።"

"እሳት በአፍ ትንፋሽ ይነዳል እንዴ? ወናፌ ተተርትሯል፣ ይኸው" ብሎ እንደ እባብ ቆዳ የተልፈሰፈሰውን ወናፍ አነሳላት። "ቆዳ ሰፊዋ ታማንዳኒ ትስፋልኝ። ትናንት ብለምናት ቤቷን ዘጋችብኝ።"

ወናፉን ተሸክማ ሮጠች። የታማንዳኒን ቤት ለመፈለግ መጠየቅ አላስፈለጋትም፤ ጩኸት ከሩቅ ይሰማል። ምፋጾ የምትባል የሦስት ዓመት ልጇ አንገቷ ላይ ተጣብቃ ታለቅሳለች። እናትየው ዓይኗ ቀልቷል፤ ሁለቱም እጆቿ በልጅቷ ተይዘዋል።

"እህቴ ታማንዳኒ፣ ወናፉን ስፊልኝ። ወናፉ ካልተሰፋ እሳቱ አይነድ፣ እሳቱ ካልነደደ መጥረቢያው አይበየድ፣ መጥረቢያው ካልተበየደ ምሰሶው አይቆረጥ፣ ምሰሶው ካልተቆረጠ በረቱ አይዘጋ፣ በረቱ ካልተዘጋ ገመዱ አይፈታ፣ ገመዱ ካልተፈታ ውኃው አይቀዳ፣ ቺኮንዲም አትገላገል።"

"በየትኛው እጄ ልስፋ?" አለች ታማንዳኒ። "ስንት ቀኗ ነው፣ አትበላ፣ አትተኛ። ሰዉ ሁሉ ዓይን በልቷታል ይለኛል። አልቃ ትሞትብኛለች ብዬ ፈርቻለሁ።"

ውብርስት ባልዲውንም ወናፉንም አስቀመጠች። የልጅቷ አንዱ አፍንጫ ደረቅ ነው፤ ሌላው ይፈሳል፣ ይሸታል። ፊቷን ወደ ፀሐይ አዞረችና ወደ ውስጥ አየች።

ዓይኗን ማመን አቃታት። የልጅቷ አፍንጫ ውስጥ አንድ ፍሬ አደንጓሬ አብጦ ተወትፏል። ከዚያም ብሶ አቆጥቁጧል፤ ነጭ ቡቃያው ብቅ ብሏል።

"አደንጓሬ በቅሎባታል" አለች ቀስ ብላ።

ታማንዳኒ ደነገጠችና ጣቷን ልትሰድ አለች። ውብርስት እጇን ያዘቻት።

"በጣት ከነካነው ወደ ውስጥ ይገባል። አፍሽን አፏ ላይ ግጠሚ፣ ልክ እንደምትስሚያት። ደህናውን አፍንጫ እኔ እይዛለሁ። በይ ስልሽ እፍ በይባት።"

እናት ገጠመች። ውብርስት ያዘች። "በይ" አለች። አልወጣም። ውብርስት በሆዷ እመቤቴን ተማጠነች። "ድገሚ" አለች። እናትየው እፍ አለች፤ አደንጓሬው ከነቡቃያው ተስፈንጥሮ የእናቲቱ ጉንጭ ላይ ተለጠፈ።

ልጅቷ አየር ሳበች፤ እንደገና ሳበች። ከዚያ እናቷን ለቀቀች፤ መሬት ላይ ተንጋላ እንቅልፍ ይዟት ሄደ። ታማንዳኒ ያን ጊዜ ገና አለቀሰች፤ እያለቀሰች መስፊያዋን አነሳች።

ልጅቷ ተኛች፣ እናቷ ሰፋች። ወናፉ ነፋ፣ እሳቱ ነደደ። መጥረቢያው ተበየደ፣ ምሰሶው ተቆረጠ። በረቱ ተዘጋ፣ ኮርማው ገባ። ኮንድዋኒ ወገቡን እያሸ ተነሳ፣ ገመዱ ተፈታ፣ ባልዲው ወረደ፣ ውኃው ወጣ።

ውብርስት እያለከለከች ስትደርስ ቺኮንዲ የአልጋውን ብረት ጨብጣ ታምጣለች። እማማ ዚዮኔ በሩ ላይ ቆመዋል።

"አንቺ ልጅ፣ አንድ ባልዲ ውኃ ይህን ያህል? ምን ስታደርጊ ነው የቆየሽው?"

"ከአፍንጫ አደንጓሬ ሳስወጣ ነው እማማ። ወናፉ እንዲሰፋ፣ ኮርማው እንዲገባ።"

አሁን ክው ማለቱ የእማማ ዚዮኔ ሆነ። ሊጠይቋት ሲሉ ግን ከውስጥ "መጣ" የሚል የቺኮንዲ ድምፅ ተሰማ። ጥያቄውን ዋጡት፤ እጃቸውን ዘረጉ። ውብርስት ቀዳችላቸው፣ ታጠቡ፣ ገቡ። ብዙም ሳይቆይ የሕፃን ልቅሶ ቤቱን ሞላው።

ተረቴን ቀድቼ አጠጣኋችሁ፤ ባልዲዬን መልሱ።