እሺ ያላለው ፍልፈል

ተረት ተረት፣ የጉድጓድ ጥልቀት።

ክረምቱ ሳይገባ፣ ጎርፍ ጉድጓዳቸውን እንዳይሞላው እንስሳት ቦይ ሊቆፍሩ ተሰበሰቡ። አለቃቸው ችኩሉ አያ ከርከሮ፣ «ወዲያ ጋ ዘወር አርጋችሁ፣ ደህና ቦይ አውጡልኝ» አለና ሊሄድ ተነሳ።

ሁሉም «እሺ» አሉ። ፍልፈል ብቻ እሺ አላለም። እጁ ለቁፋሮ ቸኩሏል፤ ግን ወዲያ የተባለው የት እንደሆነ፣ ደህና የተባለውም ምን ያህል እንደሆነ አልታየው አለ።

«አያ ከርከሮ፣ ከየት እስከ የት ነው?»

«ሌላው እሺ ሲል አንተን ምን ነካህ? ካልገባህ ሂድና ሌላ ጉድጓድ ፈልግ።»

ፍልፈል ክረምት ደርሶ ወዴት ይሄዳል? ቢሆንም፣ «እሺ ብዬ ጎርፉን ቤታችን ባስገባውስ?» አለ።

ከርከሮ ተናዶ ወደ ጃርት ዞረ። «በል እስቲ አንተ ንገረው።»

ጃርት ጥንቸልን አየ። ጥንቸል ቀበሮን አየች። ቀበሮ ጭራዋን ማከክ ጀመረች።

ከርከሮ ለካ ማንም እንዳልገባው አየ። ከዚያም በክራንቻው መሬቱን እየጫረ፣ ከዋርካው ሥር እስከ ወንዙ መስመር አወጣ። «በዚህ በኩል። ጥልቀቱ እስከ ጆሮዬ።»

ፍልፈል ወዲያው አፈሩ ውስጥ ገባ። ከኋላው ጃርት ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አያ ከርከሮ፣ አፈሩንስ የት እንድፋው?» ሲል ሰማው።

ተረቴ አለቀ፤ አፌ ዳቦ ናፈቀ።